ግራው ስፒከር

ሰመራ፣ ግንቦት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የግፊት መድኃኒትሽን በሰዓቱ እየዋጥሽ ነው ወይስ ዛሬም «ከተሻለኝ ለምን እውጣለሁ» እያልሽ ሣጥን ላይ ደርድረሽዋል? መሬቱስ እንዴት አደረ? በአዋሽ በኩል የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ገና ከመኪናው ሳይወርድ የምጠይቀው ስለ መንቀጥቀጡ ነው። አንዱ ቆሟል ይለኛል፣ ሌላው ትናንትም የሻይ ቤት ብርጭቆ አርግፏል ይለኛል። የትኛውን እንደማምን አላውቅም። አንቺ እንደሆነ ከመምጣቱ በፊት ድምፁን እሰማለሁ፣ ሰምቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ ብለሽኛል። ይህን በመስማትሽ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር። ብዕሩን ይዤ ቆየሁና ተውኩት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ባንተይርጋ ነው፤ ቦቴ የሚነዳው፣ ባለፈው በእጁ ቴምር የላኩልሽ ሰው። ምሳ ሳይበላ እንዳትለቂው፤ አልራበኝም ቢል አትመኚው፣ ዓይን አፋር ነው። ደብዳቤውን ግን እሱ ፊት አትክፈቺው። ሂያምንም አንብቢልኝ ብለሽ እንዳትጠሪያት። ጎረቤት ናት፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ስታነብ ጮክ ብላ ነው፤ የእኔ ጉዳይ ግቢውን እንዲዞር አልፈልግም። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። ለዚሁ ብዬ ፊደሉን አተልቄ ጽፌዋለሁ።

ስልክ አያነሳም ብለሽ ላገኘሽው ሁሉ ስሞታ እንደምትናገሪ ደርሶኛል። ልክ ነሽ። ኔትወርክ ነው እያልኩ የነገርኩሽ ውሸት ነው። ስትደውዪ አያለሁ። «እማዬ» የሚለው ሲበራ ስልኩን አንስቼ እይዘዋለሁ፣ እስኪጠፋ ድረስም እጄ ላይ ይቆያል። ካነሳሁት ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ አንቺ ደግሞ ከድምፄ ማታ ምን እንደበላሁ የምታውቂ ሴት ነሽ።

እማዬ፣ ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ። የሚሌን ቁልቁለት ፍሬኑ በተበጠሰ ተሳቢ ውስጥ ተቀምጬ ወርጄ አውቃለሁ፤ ያኔ ማርያም ማርያም አልኩ፣ መኪናው አሸዋ ውስጥ ገብቶ ቆመ፣ ፍርሃቱም እዚያው ቀረ። ይኼኛው ግን አይቀርም። አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል፣ ሱቅም አብሮኝ ይከፍታል።

ነገሩ የጀመረው በሸምሰዲን መኪና ነው። ሸምሰዲን ገላፊ ላይ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም ደንበኛዬ ነው። ከጅቡቲ ያስመጣት አሮጌ ስፖርት መኪና አለችው፤ ሁለት በር ብቻ ያላት ሴሊካ። ድሮ ቀይ ነበረች፣ ፀሐዩ አሁን የሸክላ መልክ ሰጥቷታል። የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚሉ ናቸው፤ አንደኛው ይነሳል፣ ሌላኛው እንደተኛ ይቀራል። የኋላ ወንበሯ ላይ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው እግሩን ቤቱ ትቶ መምጣት አለበት። ሸምሰዲን ግን ወላሂ ከሚስቴ ቀጥላ እሷ ናት ይላል። ሚስቱ ሰኢዳ ቅደም ተከተሉን አታምንም።

የእህቱ ልጅ ኸሊዳ ልታገባ ስለሆነ ሙሽራዋን የምትወስደው ይህችው ሴሊካ ናት ተብሎ ተወሰነ። ድምጿ ግን አልቆ ነበር። ቴፑ ሲከፈት ዘፈኑ ቀርቶ የተቀደደ ጆንያ ነፋስ ሲያንቀረቅበው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው የሚወጣው። ይዟት ወደ እኔ መጣ። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሚሌ እስከ ገላፊ ያሉ ሾፌሮች ትግሉ የሚለውን ስሜን ትተው «ጆሮው» ነው የሚሉኝ። ቴፕ ሲያጉረመርም ጥፋቱ የዲናሞ ይሁን የሽቦ ሳልከፍት፣ ቆሜ በማዳመጥ ብቻ እናገራለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም እማዬ፣ ታውቂያለሽ።

የበሮቹን የውስጥ ሽፋን ፈትቼ ሳወርድ የፋብሪካ ስፒከሮቹ እንዳሉ ናቸው። በወረቀቱ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በሙቀት ደርቆ ገና ስነካው እየተፈረፈረ እጄ ላይ ቀረ። የቀኙ ወረቀቱም ተተርትሯል። እነዚህ መድኃኒት የላቸውም፣ አዲስ ይግባ አልኩት፤ በዚህ አልተሳሳትኩም። ሸምሰዲን ከጅቡቲ አዲስ ጥንድ አስመጣ። ከበሩ ቀዳዳ ጋር አልገጥም ስላሉ ከፕላይውድ ቀለበት ቆርጬ፣ ከመስታወቱ የሚወርድ ውሃ እንዳያገኛቸው ከላያቸው የላስቲክ ጥላ ሠርቼ አሰርኳቸው። ሥራው አምሮ ነበር። ከዚያ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ቴፑን ከፈትኩ።

ቀኙ በር ጥርት ብሎ ጮኸ። ግራው፣ ጉልበቴ አጠገብ ያለው፣ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ይመስል ነበር።

በእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለ። አንዱ ወገን ሲደክም የግራውን ስፒከር ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ታዛውሪያለሽ። ድካሙ አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው፤ ባለበት ከቀረ ስፒከሩ ነፃ ነው፣ ሽቦውን ትፈትሻለሽ። ሥራ ሊለምድ ለመጣ ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው። አዛወርኳቸው። ድካሙ ከግራ ንቅንቅ አላለም።

ሽቦ ነው አልኩ። ከቴፑ እስከ በሩ ያለውን ሽቦ መዝዤ አውጥቼ አዲስ አስገባሁ፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቀለልኩ። ግራው ያው ነው። ቴፑ ነው አልኩና የራሴን የሱቅ ቴፕ ፈትቼ ገጠምኩላት። ያው ነው። ቴስተሩ ግራውንም ቀኙንም እኩል ያነባል፤ ቴስተሩ ተበላሽቷል አልኩ። እንዲህ ስል ራሴን አለመስማቴ ይገርመኛል።

ሸምሰዲን መጥቶ ተቀመጠና አዳመጠ። ማሻአላህ፣ ሠርጉ እኮ እዚሁ ተጀመረ አለ። ግራው ደክሟል እኮ ስለው አንገቱን ወዲያ ወዲህ አድርጎ ሰማና፣ ወላሂ ትግሉ፣ ለእኔ እኩል ነው አለኝ። አንተ ጆሮ የለህም አልኩት። አዎ እማዬ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ ድምፁን ለግራና ለቀኝ የሚያካፍለውን ባላንስ ወደ ግራ እያዞርኩ፣ ለእኔ እኩል እስኪሆንልኝ አስተካከልኩና ውሰዳት አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ፤ ሰኢዳን ከገበያ አሳፍሯት ኖሮ፣ በእኔ በኩል ያለው በር ሞቷል፣ በአንተ በኩል ያለው ደግሞ ጆሮ ሊበጥስ ነው ብላ ሥራዬን አንድ በአንድ ዘርዝራለታለች። እሷ ብትሆን ኖሮ ለ«ጆሮው» እንኳን መኪና ሬዲዮም አትሰጠውም ነበር።

አፈርኩ። መኪናዋን አስቀርቼ እንደገና ጀመርኩ። ባላንሱን ወደ መሃል መለስኩት። ከኋላ መስታወት ሥር ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ስላሉ እነሱ ይሆናሉ የሚያምታቱኝ ብዬ፣ ቴፑን እንደተከፈተ ትቼ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተንበርክኬ ፊቴን ወደ ኋላ አዞርኩ።

ግራው በር ጠራ። ደክሞ የነበረው በር፣ አሁን በቀኜ በኩል የሆነው፣ ጥርት ብሎ ጮኸ። የደከመው የቀኙ በር ሆነ።

ወደ ፊት ዞርኩ፤ ግራው ደከመ። ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ቀኙ ደከመ። ሰው ቢያየኝ እብድ ነው ይለኛል፣ እዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ እየተንበረከኩ እየተነሳሁ ስዞር። ስፒከሩን ቀይሬአለሁ፣ ሽቦውን ቀይሬአለሁ፣ ቴፑን ቀይሬአለሁ። ያልተቀየርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ድካሙ በዞርኩበት ሁሉ አብሮኝ ይዞር ነበር።

ቴፑን ዘጋሁት። በግራ ጆሮዬ በር ላይ ጣቶቼን አፋተግሁ። ምንም የለም። የመኪናዋን ቁልፍ አስጠግቼ አንኳኳሁ። እሱም የለም። በቀኝ ሳደርገው ሁሉም አለ። መስኮቱን ሳልከፍት፣ በዚያ ሙቀት፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ እዚያው ተቀመጥኩ። ከመኪናዋ መውረድ ፈራሁ፤ ከወረድኩ እውነት የሚሆን መሰለኝ።

ሀምዳ ናት በሩን የከፈተችው። ሀምዳ ከሱቄ አጠገብ ቀዝቃዛ ውሃ የምትሸጥ አፋር ናት፤ ከእኔ ታላቅ ናት፣ ትቆጣኛለች። እነሱ ዘንድ ሰውና ሰው ሲገናኝ ዳጉ ይባባላል፤ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል፣ የሚቀበለውም ልብ ብሎ መስማት አለበት። ሀምዳ እኔንም ከሰው ቆጥራ ጠዋት ጠዋት ዳጉዋን ትነግረኛለች። ለካስ ተቀይማኝ ከርማለች። መስታወቱን ስደበድብ አትዞርም፣ ምን ሆነሃል ብላ ጀመረችና የቆየውን ሁሉ አወረደችው። ፍየሌ ሞተች ስልህ ችግር የለም ትላለህ፤ የወንድሜ ሚስት ወለደች ስልህ ችግር የለም ትላለህ፤ ከዛሬ ወዲያ ዳጉዬን ለግመሌ እነግራለሁ፣ እሷ ቢያንስ ጆሮዋን ታቆማለች አለችኝ። እኔም ችግር የለም አልኳት።

በማግስቱ ደግሞ አስፋልቱን ስሻገር ሸሚዜን ከኋላ ይዛ ጎተተችኝ። ቁልፎቹ ተበጣጥሰው ረገፉ። ከግራዬ የመጣ ተሳቢ አፍንጫዬን ታክኮ አለፈ፤ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አፉን ሲከፍት ሲዘጋ አየሁት። ሀምዳ፣ ጥሩምባውን ሰርዶ ከተማ ያለ ሰው ይሰማዋል፣ አንተ እዚህ ቆመህ አትሰማም ወይ አለችኝ። ያን ጊዜ ነገርኳት። ካንቺ በፊት የሰማችው እሷ ናት፤ ይቅር በይኝ። አልሳቀችም፣ አልጮኸችም። ወደ ቀኜ ዞራ መጣችና፣ ይህን ዳጉ ለማንም አላደርስም አለችኝ። ለአፋር ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እዚህ ስለኖርኩ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ አስፋልት ለመሻገር እንደ ሕፃን ወዲያ ወዲህ እያየሁ እቆማለሁ። በቀኝ ጎኔ መተኛት ትቻለሁ፤ ደህናው ጆሮ ትራስ ውስጥ ከገባ ዓለም በሙሉ ይዘጋል። አንዳንዴ ነቅቼ ጣቶቼን በቀኝ ጆሮዬ ላይ አፋትጋለሁ፣ አለ ወይ ብዬ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በመብራት አየና ኩክ የለም አለኝ። ኩክ እንዲሆን እንዴት እንደለመንኩ ብታዪ። ነርቩ ነው አለ፤ የግራው መመለሱን እንጃ፣ ቀኙም ሳይያዝ መታየት ስላለበት አዲስ አበባ ሂድ ብሎ ጻፈልኝ። ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩት፣ ያለ ማመንታት። አባቴ አዋሽ ባቡር ነጂ ነበር፣ ቁጡና ዝምተኛ ነበር እንጂ ጆሮው ደህና ነበር አልኩት። ባቡር ነጂ? ብሎ ከወረቀቱ ቀና አለ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስመለስ ነው አባዬ የመጣብኝ።

እማዬ፣ በግራው ተቀምጠሽ አይቼሽ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ፣ ገበያ ስትወጡ፣ ፀሐይ ስትበርድ ጣቢያው በር ላይ ስትቀመጡ፣ አንቺ ሁልጊዜ በቀኙ ነሽ። ባይሽ የምትባለው ጎረቤታችን «ይቺ ሴት ቀኙን ለማንም አታስነካም» እያለች ስትቀልድብሽ ትስቂ ነበር። ከመናገርሽ በፊት እጅጌውን ትነኪዋለሽ። እንግዳ ሲጠይቀው ጥያቄውን አንቺ ደግመሽ ትጠይቂዋለሽ፤ እኛ ልጆቹ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት እያልን በጓዳ እንስቅ ነበር። እኔ ደግሞ ለዓመት በዓል ስመጣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ሥራ ጥሩ ነው ስለው እግዚአብሔር ይመስገን ይለኛል፤ ሱቅ ከፈትኩ ስለው እግዚአብሔር ይመስገን፤ ወገቤን እያመመኝ ነው ስለው እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ እኔ ግድ የለውም ብዬ አዝን ነበር። የእኔ «ችግር የለም» ከማን እንደመጣ አሁን ነው ያወቅሁት።

አባዬ ከማረፉ በፊት በነበረው በመጨረሻው ፋሲካ መዳፉ ላይ በጣትሽ ስትጽፊ አየሁሽ። ሲያረጁ ጨዋታ ጀመሩ ብዬ ለባንተይርጋ እየሳቅሁ ነግሬዋለሁ። ያ መዳፍ አሁን ከፊቴ አልሄድ አለኝ። ለአባዬ አንቺ ነበርሽለት። አግባ አግባ ስትዪኝ ሥራ አለብኝ እያልኩ ያሳለፍኩትን ጊዜ አስቤ፣ የእኔን መዳፍ ማን ይይዘዋል እላለሁ። ይህንንም ነው የምፈራው።

ሸምሰዲን መኪናውን ወስዷል። ባላንሱን መሃል ላይ አድርጌ በቴስተሩ አመንኩ። ሠርጉ ዕለት ሴሊካዋ አበባ ለብሳ፣ በአንድ መብራቷ እያየች ሱቄ በር ላይ ቆመች፤ ሸምሰዲን ና ስማ አለኝ። መዳፌን በግራው በር ላይ አኖርኩ፣ ዞሬ ሄጄ በቀኙ በር ላይ አኖርኩ። እኩል ይመታ ነበር። ኸሊዳ ከውስጥ ሆና ስትስቅ አየኋት። አሪፍ ነው አልኩት፤ ውሸት አልነበረም። እስከ ዛሬ ሾፌሮቹ ጆሮው ይሉኛል፣ እኔም አቤት እላለሁ።

ለሰኔ ሚካኤል እመጣለሁ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ አልፋለሁ። እስከዚያው አትደውዪልኝ፣ ጻፊልኝ፤ ባንተይርጋ ሲመለስ ይዞልኝ ይመጣል። የምጠይቅሽን ሳትደብቂ መልሺልኝ። አባዬም በግራው ነው የጀመረው? ቀኙ እስኪሄድ ብዙ ቆየ? እንዳልደነግጥ ብለሽ አታሳምሪልኝ። ስመጣ ደግሞ መሬቱ ድምፁን ካሰማሽ አንቺ ቀስቅሺኝ፤ እኔ ሰምቼ አንቺን አወጣለሁ ብዬ አስብ ነበር፣ አልሆነም። ስንቀመጥም በቀኜ ተቀመጪልኝ። እንዴት እንደሚቀመጡ አንቺ ታውቂበታለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ወደ ሰመራ መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት አንቺና አባዬ እስከ አስፋልቱ ሸኝታችሁኝ እሱ ከግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቃል። አጠገቡ፣ በግራው በኩል ቆሜ፣ አባዬ መርቀኝ አልኩት። መንገዱን ያያል። ደግሜ አልኩት። መንገዱን ያያል። ረዳቱ ሲጮህብኝ ሻንጣዬን አንስቼ ገባሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳይመርቀኝ ሰደደኝ ብዬ ነው የኖርኩት። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ ግን በመስኮት አይቻችኋለሁ፤ አንቺ ወደ ቀኝ ትከሻው ጎንበስ ብለሽ የሆነ ነገር ስትነግሪው፣ እሱ ከድንጋዩ ብድግ ብሎ፣ ዞር ዞር ብሎ ሲፈልገኝ፣ ሁለት እጆቹን ሲዘረጋ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር አልሰማሁትም።

አምላክ መሬቱን ከእግርሽ ሥር ያጽናልሽ፣ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ የእኔንም ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ። ያን ዕለት አባዬ ምን እንዳለ ግን አንቺ አጠገቡ ነበርሽ፣ ሰምተሻል። ቃል በቃል ጻፊልኝ። ዓይኔ ደህና ነው።

ልጅሽ፣
የአባቴ ልጅ